ጣሪያ በነሐሴ

ባለፈው ክረምት ቀጨኔ ውስጥ፣ ተማሪዎች ለእረፍት በወጡበት ትምህርት ቤት፣ ከአንድ መንጋ ጎረምሳና ኮረዳ ጋር ከረምኩ። ሥራችን ጧሪ የሌላቸውን አዛውንት ቤት ማደስ ነበር። ወጣቶቹ ክፍሎቹ ውስጥ ያድራሉ፤ እኛ ትልልቆቹ ደግሞ ቆርቆሮው ተበሳስቶ ሸራ የለበሰ መጋዘን ውስጥ። በየቀኑ ተረኛ አዛዥ አለ፤ ዕድሜ አይታይም፤ ያዘዘው ይፈጸማል። ሁሉም እኩል ነው ብለው አብረው ስለኖሩ ሰዎች ብዙ አንብቤአለሁ፤ አብዛኞቹ የተበተኑት ሳህን ማን ይጠብ በሚለው ነው። የእኛንም መጨረሻ በጉጉት ጠበቅኩ።

አንድ ፀሐያማ ጠዋት ተረኛዋ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ልጅ ነበረች፤ ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ። የአንዲት እማማን ጣሪያ በሙሉ በአንዴ እንድናወርድ አዘዘች።

«የኔ ልጅ፣ ግማሽ ግማሹን አይሻልም? የነሐሴ ፀሐይ እኮ ናት» አሉ ጡረታ የወጡት መምህር።

«ጋሼ፣ ዛሬ ተረኛ ማነው?»

መምህሩ መሰላሉን ወጡ።

ስድስት ሰዓት ላይ አሮጌው ቆርቆሮ መሬት ላይ ነበር፤ አዲሱ ገና አልተመታም፤ ከእንጦጦ በኩል ጥቁር ደመና ወረደ። እማማ የሚተኙበት መደብ ከጭቃ የተሠራ ነው፤ አይወጣ ነገር፣ ከረጠበ ይፈርሳል። «ኧረ ልጆች፣ መደቤን!» ይላሉ ከጎረቤት በር።

ልጅቷ አንዴ ደመናውን፣ አንዴ እኛን አየች። አሁን አዛዥነቱን ለሽማግሌዎቹ ታስረክባለች አልኩ።

«ትልልቆቹ ማደሪያ ላይ ያለውን ሸራ አምጡ!»

«እኛስ?» አልኩ።

«እናንተማ ትበሰብሳላችሁ።»

ሸራውን ተሸክመን በቁልቁለቱ ሮጥን፤ ገና ስንዘረጋው ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ወረደ። ጫፍ ጫፉን ወጣቶቹ ወጥረው ያዙ፤ መሃል ላይ ያቆረውን ውሃ መምህሩ በመጥረጊያ እንጨት እየገፉ «አንተ ረጅሙ፣ ከፍ አድርግ እንጂ! ቁመቱ ለምን ተሰጠህ?» ይላሉ። በረዶው እስኪያባራ ቆምን። የመደቡ ዳር ብቻ ረጠበ።

ከእራት በኋላ አንድ ጎልማሳ ከእንግዲህ ትልልቆች ብቻ ይዘዙ አለ፤ ፍራሹ እየተንጠባጠበ ስለነበር አልፈረድኩበትም። እኔ ግን ተቃወምኩ። መቃወም ልማዴ ነው፤ የዚያን ዕለት ግን ምክንያትም ነበረኝ። የሚሳሳት አለቃ ሞልቷል፤ የስህተቱን ዳፋ ከአሮጊት ላይ አንስቶ ትልልቆች ፍራሽ ላይ የሚያፈስ ግን አላየሁም።

ልጅቷም «ጋሼ ልክ ነበሩ፤ መስማት ነበረብኝ» አለች።

ሕጉ ጸና፤ ተረኛው ከማዘዙ በፊት አንድ ተቃዋሚ እንዲሰማ ብቻ ተጨመረበት። ተቃዋሚነቱን በአንድ ድምፅ ለእኔ ሰጡኝ።

በማግስቱ ጣሪያው አለቀ። ከሰዓት ዝናቡ ሲጀምር እማማ ገብተው መደባቸው ላይ ጋደም አሉ። እኛ ደጅ ቆመን ጠበቅን።

«እንዴት ነው፣ እማማ?» አለች ልጅቷ አንገቷን አስግጋ።

«ይጮኻል እንጂ አይነካኝም። ግቡ እንጂ፣ ምን ያቆማችኋል?»