አክስቴ የቀበረችው ቆጮ

ዛሬ ሶዶ ገበያ አንዲት ሴት ቆጮ የታሰረበትን ቅጠል ስትፈታ ሽታው አካባቢውን ሞላው። አጠገቤ የቆሙ ወጣቶች አፍንጫቸውን ያዙ። እኔ ግን ደስ አለኝ። አንድ ክረምት በሕይወት ያቆየን ይህ ሽታ ነው።

ያኔ ገሱባ ነበርን፤ ገና ልጅ ነኝ። ዝናቡ አላባራ ብሎ በቆሎአችን አለቀ። መንገዱ ጭቃ ሆኖ መኪና ሲቀር ደግሞ ዳቦ ዋጋው አልቀመስ አለ። የቀረን አክስቴ ጓሮ የቀበረችው ቆጮ ብቻ ነበር። እሱም ውሃ ገብቶበት እንዳይሆን ፈርተናል። አክስቴ ድንጋዩን አንስታ፣ የእንሰቱን ቅጠል ገልጣ፣ ከሥሩ ቆንጥራ አሸተተች። እናቴ ትንፋሿን ይዛ ታያታለች።

«ኧረ ደህና ነው! ጌታ ይመስገን!» አለች አክስቴ። እናቴ እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች።

ትኩሱን ቆጮ በጎመን እየበላን አክስቴ የጣልያንን ጊዜ አወራችን። ወታደሮቹ የጎተራውን እህል ጠራርገው በመኪና ጫኑት፤ ከተማ ውስጥም ዳቦ የሚቀምሰው የእነሱ ሰው ብቻ ሆነ። «ይሄን ጉድጓድ ግን ከፍተው ‹በስብሷል› ብለው ጥለውልን ሄዱ!» ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ክረምቱ ሲወጣ ጉድጓዱን እንደገና ስትሞላ አገኘኋት።

«ጣልያን ከሄደ ቆየ አይደል? ለምን ትቀብሪያለሽ?» አልኳት።

«ሲሄድማ አይቻለሁ፣ ልጄ» አለችኝ። «ሲመጣ ግን ቀድሞ የነገረኝ የለም።»

የገበያዋ ቆጮ ሻጭ «ምን ያህል ልስጥዎት?» አለችኝ።

«በርከት አድርጊው» አልኳት፤ «የሚቀመጥ ነው።»