ሞራው እስኪበስል

ገለምሶ የሄድኩት ስለ ቡና ገበያ ልዘግብ ነበር። ገና በጠዋቱ ገበያው ውስጥ ሰው ሳነጋግር፣ ጫት እያሰረ የነበረ ጢሙን ሂና የቀባ ገበሬ ድምፄን ሰምቶ ዞር አለ።

«አንተ የሬዲዮው ነህ አይደል?» አለኝ። «ወላሂ፣ ያልከውን እየሠራን ነው። የሴት ልጄን ዓይን ሞራ ሸፍኖታል፤ እስኪበስል እየጠበቅን ነው።»

ምን እንዳልኩ ወዲያው ትዝ አለኝ። አምና ሕፃናት ለምን እንደሚታወሩ ዘገባ ሠርቼ ነበር። ስለ ኩፍኝ፣ ስለ ቫይታሚን ኤ እጥረት፣ ዓይን ውስጥ ስለሚጨመቅ ቅጠል ያልኩትን ሁሉ ከሐኪም ጋር አጣርቻለሁ። መጨረሻው ላይ ግን አንዲት አሮጊት «ሞራ ካልበሰለ አይነካም፤ እኔም ጠብቄ ነው የዳንኩት» ያሉትን፣ አነጋገራቸው ስለጣፈጠኝ ብቻ ሳላርም አስገባሁት። አገሩም እንደዚያ ያምናል። ለአሮጊቷ መጠበቁ ብዙ አልጎዳቸውም ይሆናል። ለሕፃን ግን ሌላ ነው፤ ዓይኗ ተሸፍኖ በቆየ ቁጥር አእምሮዋ ማየትን ሳይለምድ ይቀራል።

«ልጅህ ስንት ዓመቷ ነው?»

«አራት ልትይዝ ነው።»

ጭሮ የዓይን ሕክምና ዘመቻ እንዳለ አውቅ ነበር። ቡድኑን ለምትመራው ሐኪም ስልክ ደወልኩላት።

«የሕፃናት ማደንዘዣ ባለሙያው ነገ በጠዋት ይሄዳል» አለች። «እስከ ሰባት ሰዓት ካደረሳችኋት እናያታለን። በልታለች?»

አባትየውን ጠየቅኩት። ገና ከእንቅልፏ አልተነሳችም አለ።

«እንግዲያው ምንም እንዳትቀምስ። ከበላች ማደንዘዣ አይሰጣትም።»

ጫቱን ለጎረቤቱ ጥሎ ሮጠ፤ እኔም ሚኒባስ ለመያዝ ሮጥኩ። የቡናውን ነገር ረሳሁት። ልጅቷን ታቅፎ ሲመጣ መኪናው ሊነሳ ነበር። በሁለቱም ዓይኖቿ መሃል ወተት የመሰለ ነጭ ይታያል።

በዴሳን ሳናልፍ በረሃብ ማልቀስ ጀመረች። ሕፃን ሲያለቅስ ዝም የሚል ተሳፋሪ በዚያ መንገድ የለም። ከኋላ ዳቦ መጣ፤ ከጎን ሙዝ ተላጠ። አባትየው ሁሉንም በእጁ ገፋ።

«አንተ፣ ልጅህ አይደለችም እንዴ?» አሉት ሙዝ የላጡት እናት። «ጫት ሲሆን አፍህ አያርፍም፤ ለሷ ሲሆን ትከለክላለህ።»

«እማማ፣ ዓይኗ ሊሠራ ነው። ከበላች አይሠሩላትም።»

«ይቺን ታክል ልጅ? ሳይበስል?»

«አይጠበቅም፣ እማማ» አልኩ። «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

ሴትዮዋ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ከዚያ ሙዙን ራሳቸው ጎረሱትና ልጅቷን ከአባቷ ተቀብለው በኦሮምኛ ያዜሙላት ጀመር። ቁኒ ስንደርስ መኪናው በሙሉ ያጨበጭብ ነበር፤ ሾፌሩ እንኳ መሪውን በጣቱ ይመታል። እኔ ሰዓቴን አያለሁ። ጭሮ የገባነው ለሰባት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር።

ሐኪሟ ባትሪ አብርታ አየቻት።

«ዘግይታለች?» አልኩ።

«ትንሽ። በጣም አይደለም። ሞራው አብሯት ሳይወለድ ኋላ የጀመረ መሆኑ በጅቷታል።»

ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ዓይኖቿ ተሠሩ። አባትየው ኮሪደሩ ላይ እየተንጎራደደ ስለ ማሽላው፣ ስለ በሬው፣ ስለ አማቱ ነገረኝ፤ ስለ ዓይን አንድ ቃል አልተነፈሰም።

በማግስቱ ጠዋት ነርሷ ፋሻውን ስትፈታ ልጅቷ ብርሃኑን ሸሽታ ፊቷን ከአባቷ ደረት ወሸቀች። ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ቆሜአለሁ፤ አንድም ነገር አልጻፍኩም። አባትየው በስሟ ጠራት። እንደገና ጠራት።

ቀስ ብላ ቀና አለች። አባቷንም እኛንም ትታ ወደ አልጋው አንሶላ አጎነበሰች። ጣቷን ሰደደች፤ ሳተች። እንደገና ሰደደች።

«ሚጢ» አለች።

በኦሮምኛ ጉንዳን ማለት ነው። ነጩ አንሶላ ላይ አንድ ጥቁር ጉንዳን ይሄዳል። ማናችንም አላየነውም ነበር።

ነርሷ ልታራግፈው እጇን ስትዘረጋ አባትየው ክንዷን ያዛት።

«ተይው፣ እህቴ» አለ። «እሷ እያየችው ነው።»