ጣቢያችን ፊቱን ሲያዞር

የመጀመሪያ ሥራዬ በሬዲዮ ሒሳብ ማስተማር ነበር። ጉለሌ ውስጥ ባለች አንዲት አነስተኛ የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያ ተቀጥሬ፣ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች መደመርና ማካፈል አስረዳለሁ። የማላያቸውን ልጆች ጥያቄ እጠይቅና እስኪመልሱልኝ በሆዴ እስከ አምስት ቆጥሬ እቀጥላለሁ።

ከዓመታት በኋላ ትምህርቱ ቀረና ጣቢያው የግብርና ሆነ። እኔ ዶሮ እንኳ አርብቼ አላውቅም። ስለ ከብት በሽታ የማነበው እንዳያሳፍረኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ሸጎሌ ከብት ገበያ እየወረድኩ ነጋዴዎቹን እጠይቅ ነበር። ለመድኩት፤ ወደድኩትም።

ኤፍ ኤሞቹ ሲበዙ ግን አለቆቻችን ደነገጡ። አዲስ የመጣው ሥራ አስኪያጅ፣ በዕድሜ ልጄ ሊሆን የሚችል ሰው፣ ሰብስቦን ከሰኞ ጀምሮ ሙዚቃና ኳስ ብቻ እንደምናሰራጭ ነገረን። እኔን ለብቻዬ አስቀርቶ፣ «እትዬ፣ እርስዎ ካሴት ክፍል ይሆናሉ። ድምፅዎ ለኳስ አይሆንም» አለኝ። እውነቱን ነበር። እውነት መሆኑ ግን ሕመሙን አልቀነሰልኝም።

ካሴት ክፍል በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሳሙና ልገዛ ከቢሯችን በታች ወዳለ ሱቅ ጎራ አልኩ። ባለሱቁ ከስልጤ የመጡ፣ ጺማቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ድምፄን ሲሰሙ ቀና ብለው አዩኝ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የሬዲዮዋ መምህርት ነዎት እንዴ?»

«ነበርኩ።»

«ማካፈል ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት! እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። እዚሁ ቆሜ ከልጆቹ እኩል ስመልስልዎት ነው የኖርኩት።»

ያን ሁሉ ዓመት ልጅ ብቻ የሚሰማኝ ይመስለኝ ነበር።

«አሁንስ ትምህርቱን የሚፈልግ ትልቅ ሰው ይኖራል?» አልኳቸው።

«ሽሮ ሜዳ ሸማኔዎቹ ዘንድ ይሂዱ። እጃቸው ነው እንጂ የተያዘው ጆሯቸው ክፍት ነው።»

በማግስቱ መቅጃዬን ይዤ ሄድኩ። በአንድ ቤት ውስጥ አራት ሸማኔዎች ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ ምሰሶው ላይ የተንጠለጠለ ሬዲዮ የኛን ጣቢያ ያሰማል። አንደኛው መወርወሪያውን ሳያቆም፣ «ኳሱ ጥሩ ነው፣ ግን ቀኑን ሙሉ?» አለኝ። «እኔ አዲስ ጥለት ስጀምር ክሩን ለስንት እንደምከፍል ግራ ይገባኛል። ሁልጊዜ ወንድሜን መጠየቅ ሰለቸኝ።»

ድምፃቸውን ቀድቼ ወደ ሥራ አስኪያጁ ገባሁ።

«እትዬ፣ ተወስኗል እኮ። በቃ።»

«መጀመሪያ ስማው፤ ከዚያ አይሆንም በለኝ» ብዬ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ሰማውና አይሆንም አለ። በሳምንቱ የሌሎች ሸማኔዎችን ድምፅ ይዤ ተመለስኩ፤ አሁንም አይሆንም አለ። በሦስተኛው ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶችን ድምፅ ጨምሬ ስገባ፣ ገና ሳልቀመጥ እጁን አነሳ። «እሺ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ግማሽ ሰዓት፣ ለሦስት ወር። ሰሚ ከሌለው ግን ይቀራል።»

በመጀመሪያው ቀን ማይክሮፎኑ ፊት ተቀመጥኩ። «አርባ ስምንት ክር ለስድስት ጥለት ስናካፍል» አልኩ፤ እስከ አምስት ቆጠርኩ፤ «ለእያንዳንዱ ዘጠኝ ይደርሰዋል!» ብዬ በሙሉ ልብ ተናገርኩ።

ስልኩ ወዲያው ጮኸ። ባለሱቁ ናቸው፤ «ስምንት ነው፣ መምህርት! ስምንት!» ከሳቸው ቀጥሎ አንዲት ሴት፣ ከዚያ አንድ ሹፌር፣ ከዚያ ሸማኔዎቹ ባንድነት እየጮኹ። በአየር ላይ ይቅርታ ጠይቄ አስተካከልኩ፤ ስልኩ ግን ፕሮግራሙ ካለቀም በኋላ አላቆመም።

ከስቱዲዮ በሀፍረት ስወጣ ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ቆሞ ይስቃል።

«እትዬ፣ ነገም ይሳሳታሉ?»

«ነገ አልሳሳትም» አልኩት። በቀጥታ ወደ ሽሮ ሜዳ ሄጄ፣ የማግስቱን ትምህርት ከነክሩ ከሸማኔዎቹ ጋር አንድ በአንድ ሠራሁ።

ሦስቱ ወር ካለፈ ቆይቷል። ፕሮግራሙ ይቅር ብሎ ማንም አላነሳብኝም፤ እኔም አላስታወስኳቸውም።