ፀደንያ የተሸነፈችበት ምርጫ

ፀደንያ ለሊቀመንበርነት ለመወዳደር ስሟን ያስመዘገበች ዕለት አቤኒ ሰላምታዋን አልመለሰችላትም። የተገናኙት ማኅበሩ ጁባ፣ ማላኪያ ሰፈር ውስጥ ከአንድ ትምህርት ቤት በተዋሰው ክፍል በር ላይ ነበር። ፀደንያ "እንዴት አደርሽ?" አለቻት። አቤኒ በጎኗ አልፋ ገባችና ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች።

"ስምሽን አስገባሽ አሉኝ" አለች በመጨረሻ፣ ፊቷን ሳታዞር።

"አዎ፣ አስገባሁ።"

"በኔ ላይ።"

"ባንቺ ላይ አይደለም። ለቦታው ነው።"

"ቦታው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ" አለች አቤኒ። ከዚያ በኋላ እስከ ምርጫው ቀን ሁለቱ ሴቶች ፊት ለፊት አልተነጋገሩም።

ማኅበሩ የተማሪ ጋዜጣ አማካሪ መምህራን ማኅበር ይባላል። ሃያ ሁለት አባላት አሉት። ሁሉም በጁባ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩ፣ ከትምህርት ሰዓት ውጭ የጋዜጣ ክበብ የሚመሩ መምህራን ናቸው። ጋዜጣ ይባል እንጂ አብዛኛው በእጅ ተጽፎ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ትልልቅ ወረቀት ነው። ልጆቹ ይጽፋሉ፤ አማካሪው ያርማል፤ ሰኞ ጠዋት ይለጠፋል።

ፀደንያ የሆሳዕና ልጅ ናት። ዲላ እንግሊዝኛ ተምራ፣ እዚያው አገሯ ስድስት ዓመት አስተምራ፣ ደቡብ ሱዳን ነፃ በወጣች በዓመቱ ጁባ መጣች። ቀድሟት የመጣው ወንድሟ ታዲዮስ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ "የእንግሊዝኛ አስተማሪ እንደ ውኃ ነው የሚፈለገው" ብሎ ጠራት። ለሁለት ዓመት ብላ የመጣች ሴት አሥራ ሦስት ዓመት ቆየች። አላገባችም። እሑድ ቸርች ትሄዳለች፤ የቀረው ቀኗ የተማሪዎቿ ነው። ደረቅ ናት ይሏታል። እውነት ነው፣ ሰው አታባብልም። የተማሪን ጽሑፍ ስታርም ግን አንድ ሰዓት ሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ትቀመጣለች።

አቤኒ ደግሞ የደቡብ ሱዳን ልጅ ብትሆንም ያደገችው አዲስ አበባ፣ ሳሪስ ነው። ከእናቷ ጋር በስደት የሄደችው የአራት ዓመት ልጅ ሳለች ነበር። ትምህርቷን ጨርሳ፣ ነፃነት ሲታወጅ ተመለሰች። አማርኛዋ ከፀደንያ አማርኛ ይፈጥናል። ሁለቱ በአንድ ሥልጠና ላይ ተዋወቁና ወዳጆች ሆኑ። ማኅበሩንም ከአምስት መምህራን ጋር ያቋቋሙት እነሱ ናቸው። አቤኒ ሊቀመንበር፣ ፀደንያ ጸሐፊ ሆኑ። የመተዳደሪያ ደንቡን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንቀጽ የጻፈችው ፀደንያ ናት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ጁባ በጦርነት በታመሰችበት በዚያ በሐምሌው ተኩስ ጊዜ፣ ብዙው ሐበሻ በአውሮፕላን ሲወጣ ፀደንያ መውጫ አጣች። አቤኒ በቤቷ የኋላ ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ቀን ደበቀቻት። ያለውን ማሽላ ለልጆቿና ለእንግዳዋ አካፈለች። ይህን ሁሉም አባል ያውቀዋል።

ጠቡን ያመጣው የአንዲት ተማሪ ጽሑፍ ነው። ኪደን የምትባል፣ የፀደንያ ክበብ አባል፣ "የሽንት ቤታችን ቁልፍ ማን ኪስ ውስጥ ነው?" የሚል ጽሑፍ አወጣች። የሴቶቹ ሽንት ቤት ለእንግዳ ተብሎ እንደሚቆለፍ፣ በዚህም ምክንያት ልጃገረዶች በየወሩ ሦስት አራት ቀን ከትምህርት እንደሚቀሩ ጻፈች። አሥራ ስድስት ተማሪ አነጋግራለች። ፀደንያ አርማ፣ ፈርማ አስለጠፈችው። ርእሰ መምህሩ በዕረፍት ሰዓት ወጥተው በገዛ እጃቸው ቀደዱት፤ ለማኅበሩም የክስ ደብዳቤ ጻፉ።

አቤኒ ፀደንያን ሳትጠይቅ መለሰችላቸው። "ማኅበራችን ለተፈጠረው ስሕተት ይቅርታ ይጠይቃል" የሚል፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ። ርእሰ መምህሩም ያንን ደብዳቤ ይዘው ኪደንን በሰልፍ ላይ፣ በተማሪው ሁሉ ፊት አቁመው ይቅርታ አስባሏት። በሳምንቱ ልጅቷ ትምህርት ቤቱን ለቀቀች።

"ስሕተቱ የቱ ነው?" ብላ ፀደንያ አቤኒ ቤት ድረስ ሄዳ ጠየቀች። "አንድ ቃል ንገሪኝ። የትኛው ቃል ውሸት ነው?"

"ውሸት የለውም።"

"ታዲያ?"

"ርእሳነ መምህራኑ ተሰብስበው ክበቦቹን ሁሉ ሊዘጉ ነበር። እኔ ሃያ ሁለት ክበብ አዳንኩ። አንቺ አንድ ወረቀት ይዘሽ ትጮኺያለሽ።"

"ልጅ ሸጠሽ ነው ያዳንሽው።"

አቤኒ በሩን ከፍታ ቆመች። ፀደንያ ወጣች።

ከዚያ በኋላ አቤኒ አዲስ ሕግ አረቀቀች፤ ማንኛውም ገጽ ከመለጠፉ በፊት ርእሰ መምህሩ አይተው ይፈርሙበት የሚል። ፀደንያም ለመወዳደር የቆረጠችው ይህን ረቂቅ ባነበበች ዕለት ነው።

የቅስቀሳው ሦስት ሳምንት ክፉ ነበር። በማኅበሩ የዋትሳፕ ግሩፕ ላይ ከማይታወቅ ቁጥር "ማኅበራችን የሐበሻ ሆቴል አይደለም" የሚል መልእክት ወጣ። ማን እንደ ላከው አልተረጋገጠም፤ ፀደንያ ግን በልቧ ለአቤኒ ሰጠችው። እሷም ዝም አላለችም። የይቅርታ ደብዳቤውን ፎቶ አንስታ ግሩፑ ላይ ሰባት ጊዜ ደጋግማ ለጠፈች፤ ከሥሩም "ተማሪ የምትሸጥ ሊቀመንበር" ብላ ጻፈች። ድምፅ ለመለመን የነጭ ዓባይን ድልድይ ተሻግራ ጉምቦ ሄደች። እዚያ ያለ አንድ አማካሪ መምህር ከክፍሉ ሳይወጣ፣ በመስኮት "ኡስታዛ፣ እኛ ለእንግዳ አንመርጥም" ብሎ መለሳት፤ ኡስታዛ መምህርት ማለት ነው። ፀሐይ ላይ ቆማ የሞተር ታክሲ፣ ቦዳ፣ ስትጠብቅ ተማሪዎቹ "ሐበሺያ! ሐበሺያ!" እያሉ ሳቁባት።

ታዲዮስ ሲሰማ ተቆጣ። "በሰው አገር ሹመት ምን ያደርግልሻል? አስተምሪና ግቢ።"

"አንተም እንደነሱ መጤ በለኝ እንጂ።"

"መጤ ነን እኮ፣ ፀደን። የመኖሪያ ፈቃዳችን በየዓመቱ ነው የሚታደሰው።"

እሱንም ለአንድ ሳምንት አኮረፈችው።

ምርጫው የተደረገው ቅዳሜ ረፋድ፣ ጁባ ታውን አጠገብ ባለ አንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። ሃያ ሁለቱም መጡ። የቆርቆሮው ጣሪያ ሙቀቱን ወደ ታች ይተፋዋል። ምርጫውን የሚመሩት ኡስታዝ ስምኦን ነበሩ፤ የታሪክ መምህር፣ ሃምሳ አምስት ዓመት ያለፋቸው፣ ድምፃቸው የማይጎላ ሰው። ስብሰባው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሲሞቅ ወደ ጁባ ዓረብኛ ይዞራል።

መጀመሪያ ፀደንያ ተናገረች። ስለ ረቂቁ ሕግ፣ ስለ ኪደን፣ አማካሪ ማለት የተማሪ ጠበቃ እንጂ የርእሰ መምህር ዘበኛ እንዳልሆነ። ያቀደችውን ብቻ ተናግራ ተቀመጠች። ጥቂት ሰዎች አጨበጨቡ።

አቤኒ ተነሣች። "ኡስታዛ ፀደንያ ጥሩ አስተማሪ ናት" አለች። "ግን ሊቀመንበር ከመንግሥት ቢሮ ጋር ይፈርማል። የእሷ ፈቃድ በየዓመቱ ነው። አንድ ቀን አናድስልሽም ቢሏት ማኅበሩ ያለ ራስ ይቀራል። ልጆቹ ሲታሰሩ የሚቆምላቸው እዚህ የተወለደ ሰው ነው፤ እንግዳ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል።"

"ሄጃለሁ እንዴ?" አለች ፀደንያ ከተቀመጠችበት። "በሐምሌው ሄጃለሁ?"

"መውጫ አጥተሽ ነው የቀረሽው።"

አዳራሹ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። ፀደንያ ብድግ አለች። አቤኒ ወደ እሷ ጎንበስ ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በአማርኛ "ተይው ፀደን፣ ትዋረጃለሽ" አለቻት። ማስፈራራት ይሁን ማዘን፣ ፀደንያ እስከ ዛሬ አለየችውም። ያን ጊዜ ግን እሳት ሆነባት። እሷም በአማርኛ፣ አዳራሹ እስኪሞላ ጮኸች፦

"ማን ነው የሚዋረደው? እናንተን ከነእናቶቻችሁ ተቀብለን፣ ቀልበን፣ ፊደል አስቆጥረን የላክናችሁ እኛ ነን! ዛሬ አፍ አውጥተሽ እኔን እንግዳ ትያለሽ?"

አቤኒ ብቻ የምትሰማት መስሏት ነበር። አቤኒ ስለ ዘጠኙ ቀን አላነሣችም፤ ስለ ማሽላውም አላነሣችም።

ከፊት ጠረጴዛው ኡስታዝ ስምኦን እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። "ቀለብን ነው ያልሽው?" አሉ በአማርኛ። አማርኛቸው ቀስ ያለ፣ የተጣራ ነበር።

ፀደንያ ወደ እሳቸው ዞረች። አሥር ዓመት ሙሉ በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር የሚያናግሯት።

"እኔ ያደግኩት ኢታንግ፣ የስደተኞች ካምፕ ነው" አሉ። "ከዚያም ጋምቤላ ተማርኩ። ጎረቤቶቻችን ከጉድጓዳቸው ውኃ አካፍለውናል፤ ልጆቻቸው ካጠገቤ ተቀምጠው ተምረዋል። ቀልበንሃል ያለኝ ሰው ግን አልነበረም። ዛሬ ሰማሁት።"

ከኋላ ረድፍ አንድ የሒሳብ መምህር ራሱን ነቀነቀ። ከጎኑ ያሉት ሁለት ሴቶች መሬት መሬት ያያሉ። እነሱም ከኢትዮጵያ ስደት የተመለሱ ናቸው፤ እነሱም ሰምተዋል። ሌሎቹ "ምን አለች? ምን አለች?" እያሉ በዓረብኛ ይጠይቁ ጀመር።

"የግል ነገር ነው" አሉ ስምኦን ወደ እንግሊዝኛ ተመልሰው። "ኻላስ፣ በቃ። ወደ ምርጫው እንግባ።"

ሳይተረጉሙት ቀሩ። ፀደንያ በኋላ ስታስበው፣ ከስድብ ሁሉ የከበዳት ያ ዝምታቸው ነበር።

ድምፅ የተሰጠው በታጠፈ ወረቀት ነው። ውጤቱን ጥቁር ሰሌዳው ላይ እየጫሩ ቆጠሩ። አቤኒ አሥራ ሦስት፤ ፀደንያ ዘጠኝ። ማን ለማን እንደ መረጠ አይታወቅም። ፀደንያ ግን ሰሌዳው ላይ አፍጥጣ አራት ጭረት ከወዲያ ወደ ወዲህ አሻገረችና ውጤቱ ሲገለበጥ አየችው። አማርኛዋን የሰሙት አራት ሰዎች ነበሩ፤ አቤኒን ሳይጨምር።

ከዚህ ላይ ሌላ ጣጣ መጣ። በደንቡ መሠረት ሁለተኛ የወጣ ተወዳዳሪ ምክትል ሊቀመንበር ይሆናል። አንቀጹን የጻፈችው ራሷ ፀደንያ ናት። ስምኦን አንብበው ሲጨርሱ አቤኒ ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ እጅ ሳትጨብጥ ወጣች።

ፀደንያ ለታዲዮስ ሁሉን ነገረችው። "ነገ መልቀቂያ አስገባለሁ" አለች።

"አታስገቢም።"

"አንተ አይደለህ እንዴ አትወዳደሪ ያልከኝ?"

"ያኔ አትወዳደሪ ነው ያልኩሽ። አሁን ግን ተሳድበሻል። የተሳደበ ሰው ሰድቦ አይሮጥም፤ ቁጭ ብሎ ፊቱን ያሳያል።"

ሰኞ ዕለት ወደ ኡስታዝ ስምኦን ትምህርት ቤት ሄደች። ከክፍል ሲወጡ ጠብቃ "ይቅር ይበሉኝ፣ ኡስታዝ" አለቻቸው። "እርስዎን አላሰብኩም ነበር።"

"እሱ ነው ችግሩ" አሉ። ጠመኔ የነካ እጃቸውን በመሐረብ ጠረጉ። "ይቅርታሽን ሰምቻለሁ።" ይቅር ብያለሁ አላሉም። እሷም አልጠየቀች፤ አመስግና ሄደች።

አቤኒ ዘንድ መሄዱ ይበልጥ ከበዳት። በመጀመሪያው የቦርድ ስብሰባ ላይ፣ ኡስታዝ ስምኦንን ጨምሮ አምስቱም አባላት እንደ ተቀመጡ፣ ፀደንያ ተነሥታ በእንግሊዝኛ ይቅርታ ጠየቀች። ያለችውንም ቃል በቃል ተርጉማ ነገረቻቸው፤ የተደበቀ ነገር እንዳይኖር። አቤኒ ቀና ብላ አላየቻትም።

"በቃለ ጉባኤ ይያዝ" አለች ለጸሐፊው። "ቀጣይ አጀንዳ።"

ቀጣዩ አጀንዳ ረቂቁ ሕግ ነበር። ክርክሩ ሁለት ሰዓት ፈጀ። አቤኒ ክበብ ቢዘጋ ኃላፊነቱን ማን እንደሚወስድ ጠየቀች። ፀደንያ "እኔ" አለች። "አንቺ ማን ነሽ?" አለች አቤኒ። "ምክትልሽ" አለች ፀደንያ። በመጨረሻ እጅ ሲወጣ ሕጉ ሦስት ለሁለት ወደቀ። ሦስተኛዋ እጅ የኡስታዝ ስምኦን ነበረች። ሲያወጡ ወደ ፀደንያ አላዩም፤ ከስብሰባውም በኋላ ሰላም ሳይሏት ሄዱ። ፀደንያ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ ወረቀቶቿን ከሚገባው በላይ ደጋግማ አስተካከለች።

ሁለቱ ሴቶች ዛሬም በቦርዱ አሉ። በመካከላቸው አማርኛ ቀርቷል፤ የሚነጋገሩት በእንግሊዝኛ፣ ያውም ለሥራ ብቻ ነው። ባለፈው ወር አንድ የጉምቦ ትምህርት ቤት የክበቡን ክፍል ቆልፎ ጋዜጣውን አገደ ተባለ። ደንቡ ሊቀመንበሩና ምክትሉ አብረው ይሂዱ ስለሚል አብረው ሄዱ። ርእሰ መምህሩ ፀደንያን ከእግር እስከ ራስ አይተው "ይህቺ ሐበሺያ ምን አገባት?" አሉ በዓረብኛ።

አቤኒ ወንበር ስባ ተቀመጠች። "ምክትሌ ናት" አለች። "የምታውቀውን ትናገር፤ ከዚያ እኔ እናገራለሁ።"

ፀደንያ ተናገረች፤ አቤኒ ቀጠለች፤ ሰውዬው እየተነጫነጩ ክፍሉን አስከፈቱ። ሲወጡ ፀደንያ "አመሰግናለሁ" አለች።

"ላንቺ ብዬ አይደለም" አለች አቤኒ።

የተሳፈሩበት መኪና ድልድዩ ላይ በመኪና ሰልፍ ታግዶ ግማሽ ሰዓት ቆመ። አቤኒ በግራው መስኮት፣ ፀደንያ በቀኙ መስኮት ወንዙን እያዩ ከተማ ገቡ።