ሐጂ ያመጧት ቃል

ቡታጅራ ውስጥ እያስተማርኩ ለሁለተኛ ዲግሪ መግቢያ ፈተና እዘጋጃለሁ። በየቀኑ አሥር ከባድ የእንግሊዝኛ ቃላት ደብተር ላይ እጽፍና ግቢው ውስጥ እየተመላለስኩ ጮክ ብዬ እሸመድዳለሁ። አከራዬ ሐጂ ከድር ይህን ስለሚሰሙ፣ ከእኔ የሚያመልጥ እንግሊዝኛ ያለ አይመስላቸውም።

ባለፈው ቅዳሜ የሐኪም ቤት ወረቀት ይዘው መጡ። ባለቤታቸው አንገት ላይ የወጣው እጢ ተመርምሮ ነበር።

«መምህር፣ እስቲ የእቺን ቃል ፍች ንገረኝ» አሉና በጣታቸው አሳዩኝ። «ቢናይን» ትላለች።

ክው አልኩ። ይህችን ቃል የሸመደድኳት «ማሊግናንት» ከምትባለው ጋር ባንድ ቀን ነው። አንዷ ክፉ፣ አንዷ ደህና እንደሆነች አውቃለሁ፤ የትኛዋ ክፉ እንደሆነች ግን ጠፋብኝ። ሐጂ ዓይናቸውን ከፊቴ ላይ አልነቀሉም።

«ክፉ ነው እንዴ?»

«ቆይ ሐጂ፣ ደብተሬን ልይ።»

ገጾቹን አገላበጥኩ። አገኘኋት። ከጎኗ «ደግ፣ ርኅሩኅ» ብዬ ጽፌያለሁ። ይባስ ጨነቀኝ። እጢ እንዴት ደግ ይሆናል? ዝቅ ስል ግን «ለበሽታ ሲሆን፣ ካንሰር ያልሆነ» ይላል።

«ካንሰር አይደለም ሐጂ!»

«አልሐምዱሊላህ!» ብለው ደጃፌ ላይ ቁጭ አሉ። እንባቸው ወረደ።

«ሐኪሙ ምንም አላሉዎትም ነበር?»

«ብሎኛል እንጂ፤ ያንተኑ ነው ያለኝ። እሱ ግን ሰው ማጽናናት ሥራው ነው። አንተ መዋሸት አትችልበትም ብዬ ነው የመጣሁት።»