የእናቴ ጠገራ

ከየገበያው ጠገራ ብር ስሰበስብ ነው የኖርሁ። ከሁሉም የምሳሳለት ግን የእናቴን ነበር። እናቴ ሐሳብ ሲገባት ስታሸው ስለኖረች፣ ላዩ ላይ ያለችው ሴትዮ ፊት በአውራ ጣቷ አልቆ ልሙጥ ሆኗል። ልጄ፣ እህትህ ለሠርጓ አንገቷ ላይ እንድታደርገው ብዬ፣ ደባርቅ ላለው አንጥረኛ ማንጠልጠያ እንዲያበጅለት ሰጠሁት።

ልወስድ ስሄድ መስቀል አወጣልኝ።

«ጠገራዬስ?» አልሁት።

«አቅልጬ መስቀል አደረግሁልዎ፣ እማማ። ፊቱ ያለቀ ጠገራ ለሙሽራ ምን ያምራል? የማንጠልጠያውን ብቻ ይክፈሉኝ።»

ልጮህበት አፌን ስከፍት መስቀሉን ወደኔ ዘረጋው። በመስቀል ፊት እንዴት ይጮኻል? ጎንበስ ብዬ ተሳለምሁት።

እህትህ አምሮባት ተዳረች። እኔ ግን መስቀሉን ባንገቷ ባየሁ ቁጥር ዛሬም አውራ ጣቴ ያንን ልሙጥ ፊት ይፈልጋል።