ለአቦይ ሓጎስ የነገርኩት የሚስጥር ቁጥር

ይህ የሆነው ዓምና ነው። የባንክ ካርዴን ከቦርሳዬ ባወጣሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ አፍራለሁም።

ከደብረ ብርሃን መጥቼ መቐለ ማስተማር ከጀመርኩ አራት ዓመቴ ነው። ደመወዝ ሲገባ ዓይደር ሰፈር ያለው የኤቲኤም ማሽን ሰልፍ ያስመርራል። እኔ ደግሞ መቆም አልወድም። ስለዚህ ለማሽኑ ጥበቃ ለአቦይ ሓጎስ ካርዴን እየሰጠሁ አትክልት ልገዛ እሄድ ነበር።

መጀመሪያ ቀን እምቢ ብለውኝ ነበር። “ጓለይ፣ ልጄ፣ ወረፋውን ልያዝልሽ። ቁጥሩን ግን አትንገሪኝ” አሉኝ።

“እርስዎን ያላመንኩ ማንን ላምን ነው?” ብዬ እየሳቅሁ በጆሯቸው ነገርኳቸው።

አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ካርዱን ብቻ ሰጡኝ። “ማሽኑ እምቢ አለ፣ ብሩን አልሰጠኝም” አሉ። እኔም ግድ አልሰጠኝም። በማግስቱ ባንክ ገብቼ ስጠይቅ ግን አምስት ሺህ ብር ከሒሳቤ ወጥቷል። ሠራተኛዋ “እናጣራለን፣ ጥቂት ቀን ታገሺ” አለችኝ።

ትዕግሥት ከየት ይምጣ። ወጥቼ ሰልፈኛው ፊት “ብሬን ምን አደረጉት?” አልኳቸው። አልተቆጡም። ኪሳቸውን ገልብጠው አሳዩኝ። እኔ ግን በዚያ አላበቃሁም፤ ለአለቃቸው ከሰስኳቸው። በዚያው ቀን ከሥራ አሰናበቷቸው።

በሳምንቱ ብሩ ሒሳቤ ውስጥ ተመልሶ ገባ። ለካ ማሽኑ ብሩን ሳይሰጥ ቆርጦት ኖሯል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሰው ስም ነው፣ አይለቀምም። አለቃቸው ዘንድ ሄጄ እውነቱን ብናገርም በቦታቸው ሌላ ሰው ተቀጥሯል ተባልኩ።

አፈላልጌ ሓድነት የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ብሎኬት ማምረቻ ሲጠብቁ አገኘኋቸው። እያለቀስኩ ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

“ኣጆኺ ጓለይ፣ አይዞሽ፣ ገንዘብሽ መገኘቱ ነው ደጉ” አሉኝ። ቀጥለውም “ቁጥሩን ቀየርሽው?” ብለው ጠየቁኝ።

“ቀይሬዋለሁ።”

“ጽቡቕ፣ ጥሩ አደረግሽ። ከእንግዲህ ለማንም አትንገሪ። ለእኔም ቢሆን።”

ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

አሁን ሰልፉ የቱንም ያህል ቢረዝም ራሴ እቆማለሁ። ቁጥሩን በእጄ ከልዬ ስነካ የሚያየኝ ሁሉ ሌባ የፈራሁ ይመስለዋል። እኔ የምፈራው ግን ሌላ ንጹሕ ሰው እንዳልጠረጥር ነው።